ሰው ገደለ የተባለው ቆርቆሮ

ቴክኒሽያኑ ረጋሳ ሞቶ የተገኘው ማለዳ ላይ፣ አሶሳ ዳር ባለች አነስተኛ የሬዲዮ ጣቢያ ቴክኒክ ክፍል ውስጥ፣ ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋ ነበር። ቀኝ እጁ አንድ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ላይ አርፏል። ጫማው ደጅ፣ «ጫማ አውልቀው ይግቡ» ከሚለው ጽሑፍ ሥር ጥንድ ሆኖ ተቀምጧል። ግቢው በሙሉ ገዳዩን ወዲያው አወቀው፤ ገዳዩ ቆርቆሮው ነው።

ኢንስፔክተር የወርቅውሃ እንዲህ ቶሎ የሚታወቅ ገዳይ አትወድም። ለሳቅ የምትሰስት፣ ሰው ሲያወራ ከአፉ ይልቅ እጁን የምታይ ሴት ናት። ደግሞም ከሞቱ አሟሟቱ ይባላል፤ ይህ አሟሟት ገና ከበሩ ላይ አላማራትም።

«ስንት ጊዜ ተናገርኩት!» አሉ የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ አቶ ታረቀኝ፣ ላባቸውን እየጠረጉ። «ይህን ፈጠራህን ከዚህ አውጣልኝ፣ አንድ ቀን ይደፋሃል አልኩት። ሰው ሁሉ ምስክሬ ነው።»

«ምን ይሠራበት ነበር?»

«እሱን ዲሳሳ ያስረዳዎት።»

ዲሳሳ ሁለተኛው ቴክኒሽያን ነው። ስለዚሁ ቆርቆሮ ከረጋሳ ጋር ተኮራርፎ ነበር፤ «በጣሳ እየተጫወትክ ሙያችንን አታዋርድ» ብሎት። አሁን ፊቱ አመድ መስሏል።

«ከማሰራጫው እስከ አንቴናው ምሰሶ መሬት ውስጥ የተቀበረ ኬብል አለን» አለ። «ከፋሲካ ሰሞን ጀምሮ ተበላሽቶ ጣቢያው ድምፁ ጠፋ። ረጋሳ መመርመሪያ ቢጠብቅ ቢጠብቅ አልመጣለት ሲል በዚህ ቆርቆሮ ውስጥ ራሱ ሠራ። አጭር የኤሌክትሪክ ምት ወደ ኬብሉ ይልካል። ምቱ ኬብሉ የታመመበት ቦታ ሲደርስ ይመለሳል፤ ገደል እንደመታ ጩኸት። ለመመለስ የፈጀው ጊዜ ከቆርቆሮው ጋር በተያያዘው በዚህ ስክሪን ላይ ስለሚታይ ርቀቱን ማስላት ነው። የማሰራጫውን ፊልተሮች፣ ሞገድ ማጣሪያዎቹንም፣ በዚሁ ፈትሿቸው ነበር፤ ደኅና ናቸው።»

«ሰው የሚገድል ኃይል አለው?»

ዲሳሳ አቀረቀረ። «በባትሪ ድንጋይ ነው የሚሠራው።»

«እስቲ አስነሣው።»

አስነሣው። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ መስመር ሽቅብ ዘለለ፤ ትንሽ ቆይቶ ሌላ መስመር ቁልቁል ወረደ። የወርቅውሃ ቁልቁል መመለሱን ልብ አለች። ሰው ገደለ የተባለው ቆርቆሮ ራሱ ጤነኛ ነው። ከዚያ አጎንብሳ ሟቹን ከእግር እስከ ራስ ተመለከተችው። ሁለቱም ጉልበቱ ላይ ቀይ ጭቃ ደርቋል። ማጅራቱ ላይ፣ ከጠጉሩ ሥር፣ እብጠት አለ። አስከሬኑን ወደ ሆስፒታል ላከችና ወደ በሩ ሄደች።

የግቢው ዘበኛ አንለይ ነው። አባቱ በደርግ ሠፈራ ከወሎ የመጡ፣ እሱ እዚሁ ያደገ፣ ጭምት ሰው። ከሚስቱ ከጤናዬ ጋር የሚኖረው ግቢው ውስጥ፣ አጥሩን ተደግፋ በተሠራች ቤት ነው። ከቤቷ ጥግ አዲስ የተተከለች የማንጎ ችግኝ አለች።

«መቼ አየኸው?» አለችው።

«ማታ ዝናቡ ሲጀምር ወደ ክፍሉ ገባ። ከዚያ አልወጣም።»

«አንተስ ክፍሉ ውስጥ ምን አየህ?»

«እኔ? ገብቼም አላውቅ። የእኔ ሥራ በር ነው፣ እመቤቴ።»

«ማንጎዋን መቼ ተከልካት?»

«ትናንት። መሬቱ ርሷል ብዬ።»

ጤናዬ ቤት ውስጥ ሆና የራሷ ሰው እንደሞተባት ታለቅስ ነበር። የወርቅውሃ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ዘመድሽ ነበር እንዴ፣ እትዬ?»

«ተስፋዬ ነበር» አለች ጤናዬ። «በሁለት ሺህ ዐሥራ ሦስት ከድባጤ ስንሸሽ ከባሌ ከምንያህልና ከልጄ ከሳሌም ጋር ተለያየን። ሬዲዮው በየሳምንቱ ማስታወቂያ እያነበበ ያፈላልግልኝ ነበር። በኋላ አንለይ የምንያህልን ቀብር ያየ ሰው አገኘ። አልቅሼ አልቅሼ ሲወጣልኝ ከእሱ ጋር ኑሮ ጀመርኩ። ሳሌምን ግን መቼም አልተውኳትም። ሬዲዮው ካልተነሣ ልጄን በምን እጠራታለሁ? ረጋሳ ትናንት ‹በሽታውን አገኘሁት፣ ነገ ማስታወቂያሽን ትሰሚያለሽ› ብሎኝ ነበር።»

«ይህን ለማን ነገርሽ?»

«ለማን እነግራለሁ፣ ለአንለይ ነዋ! ደስ እንዲለው።»

ከሰዓት በኋላ የሆስፒታሉ መልስ መጣ፤ ረጋሳ ማጅራቱን ተመትቶ ነው የሞተው። የወርቅውሃ ሁሉንም ወደ ቴክኒክ ክፍሉ ጠራቻቸው። አቶ ታረቀኝ ገቡ። ዲሳሳ ገባ። ጤናዬ ከደጃፉ ቆመች። አንለይ ሸበጡን አውልቆ ጽሑፉ ሥር አስቀመጠና በባዶ እግሩ ገባ።

«ይህ ጣሳ ማንንም አልገደለም» ብላ ጀመረች። «ረጋሳን የገደለ ኤሌክትሪክ በዚህ አልፎ ቢሆን መጀመሪያ የሚቃጠለው የቆርቆሮው ሆድ ነበር። ሬሳው ላይም የቃጠሎ ምልክት የለም። ጉልበቱ ላይ ግን ጭቃ አለ። ዝናብ ላይ ተንበርክኮ መሬት ይቆፍር ነበር። ‹ከክፍሉ አልወጣም› ያለኝ ሰው ዋሽቷል።»

አቶ ታረቀኝ ዞረው አንለይን አዩት።

«ሬሳውን እዚህ ያመጣው ሰው ግቢው ሲቀልድበት የከረመውን ቀልድ ያውቃል፤ ‹ቆርቆሮው ይደፋሃል› የሚለውን። ጫማውንም አውልቆለት ከደጅ አስቀመጠው፤ ደንብ ነዋ። ዲሳሳ፣ አንተ እዚህ ስትሠራ ጫማህን ታወልቃለህ?»

«ኧረ! እርጥብ ሲሚንቶ ላይ በባዶ እግር ቆሞ ኤሌክትሪክ የሚነካ ማነው? ጽሑፉ ለእንግዳ ነው። ረጋሳ ጎማ ጫማውን አውልቆ አያውቅም።»

«አቶ ታረቀኝስ? እርስዎም ከነጫማዎ ገቡ።»

«እዚህ ሁላችንም እናውቀዋለን» አሉ፣ ድምፃቸው ወርዶ።

«ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የማያውቀው እዚህ ክፍል ገብቶ የማያውቅ፣ ጽሑፉን ከደጅ ብቻ የሚያነብ ሰው ነው። አሁንም በባዶ እግሩ ቆሟል።»

አንለይ እግሩን አየ። ለመሸሽ አልሞከረም።

«ዲሳሳ፣ መስመሩ ቁልቁል ሲመለስ ምን ማለት ነው?»

«ኬብሉ አልተቆረጠም ማለት ነው። ውስጡ ያለው ሽቦና የውጭ ልባሱ የሆነ ነገር አገናኝቷቸዋል።»

«ርቀቱስ የት ያደርሳል?»

ዲሳሳ አሰላ፤ እንደገና አሰላ። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ማንጎዋ ጠቆመ።

ወጥተው ችግኟን ነቀሏት። ከሥሯ ኬብሉ ወጣ፤ ጎኑ ላይ አንድ ምስማር እስከ አናቱ ተመቶበታል። ረጋሳ እዚህ ድረስ ቆፍሮ ነበር፤ ማንጎዋ የጉድጓዱ መሸፈኛ ናት። የቀረው መንቀል ብቻ ነበር።

«የተመታው በአካፋ እጀታ ይመስለኛል» አለች የወርቅውሃ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ አንዱ ግን አልጠራልኝም። ሬዲዮው ምን በደለህ፣ አንለይ?»

አንለይ የመለሰው ለእሷ አልነበረም፤ ለሚስቱ ነው።

«ምንያህል አልሞተም። ቀብሩን ያየ ሰው አልነበረም፤ እኔ ነኝ የፈጠርኩት። በፋሲካ ሰሞን ማስታወቂያሽን ሰምቶ ከማንቡክ መጣ። ሳሌምም አብራው ነበረች። በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ።»

ጤናዬ አልጮኸችም። «ምን አልካቸው?»

«ታማ ሞታለች አልኳቸው። ማስታወቂያው የድሮ ነው፣ ዝም ብለው ነው የሚያነቡት አልኳቸው። ግን እንደገና እንደገና ቢሰሙትስ? እና ምስማሩን መታሁት። አንቺን ማጣት አልቻልኩም፣ ጤናዬ።»

«አመኑህ?»

«መቃብሯን አሳየን አሉኝ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ምልክት የሌለው የማላውቀው ሰው መቃብር ነበር። እሱን አሳየኋቸው።»

ጣቢያው ሥራ ጀመረ። ዲሳሳ ምስማሩን ነቅሎ ኬብሉን ሲጠግን እንባውን አልጠረገም። የመጀመሪያው ማስታወቂያ የጤናዬ ሆነ፤ ራሷ ማይክሮፎኑ ፊት ተቀምጣ «በሕይወት አለሁ» አለች። በየሳምንቱ አለች። የመጣ ሰው የለም። የማንቡክ ፖሊስ የላከው መልስ አጭር ነበር፤ አባትና ልጅ ለቅሶ ተቀምጠው ሲያበቁ አገር ለቀዋል፣ የሄዱበትን የሚያውቅ የለም። የሞተን ሰው ደግሞ በሬዲዮ የሚፈልግ የለም።

ክረምቱ ሲወጣ ጤናዬ መቃብሩን ልየው አለች። የወርቅውሃ ይቅርብሽ ልትላት አስባ ተወችው፤ ይዛት ሄደች። ራስጌው ላይ ቁራጭ ጣውላ ተተክሏል፤ በቀይ ቀለም ተጽፎበታል፦ «እናቴ ጤናዬ ሆይ፣ ቶሎ ባለመምጣታችን ይቅር በይን። ሳሌም።»

ጤናዬ ተንበርክካ ፊደሎቹን አንድ በአንድ በጣቷ ዳሰሰቻቸው።

«ስንለያይ ስሟን እንኳ መጻፍ አትችልም ነበር» አለች።