የሎርና የመጨረሻ መልሶች

ሎርና ፒተርሰን ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ፣ በሚኒሶታ በማሪያን ሐይቅ በረዶ ላይ በቆመች ትንሽ የማጥመጃ ጎጆዋ ውስጥ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ሞታ ተገኘች። የመንጠቆዋ ክር በበረዶው ቀዳዳ ውስጥ ተንጠልጥሏል። ፊት ለፊቷ የቆመው ካሜራ አልተከፈተም። ያገኛት ታላቅ ወንድሟ አይናር ነው፤ በሩን በርግዶ፣ የጋዝ ማሞቂያውን አጥፍቶ፣ እየተንገዳገደ ወጣ።

ከአውራጃው ሸሪፍ ቢሮ መርማሪ ቬርና ላይቲነን ስትደርስ፣ ቀድሞ የደረሰ አንድ ወጣት ፖሊስ መደምደሚያውን አዘጋጅቶ ጠበቃት።

«ነፋስ በረዶ አምጥቶ የአየር መግቢያውን ደፍኖታል። የማሞቂያው ጋዝ መርዟታል። አደጋ ነው።»

ቬርና ጎጆዋን ዞረች። ነፋሱ ከትናንት ጀምሮ ከምዕራብ ሲነፍስ ነበር፤ በረዶውም በምዕራቡ ግድግዳ ተከምሯል። የአየር መግቢያው ግን በምሥራቅ በኩል ነው። የደፈነውን በረዶ በጣቷ ነካችው። በመዳፍ ተጠቅጥቆ እንደ ጡብ ጠጥሯል።

ወደ ውስጥ ገባች። ግድግዳው ላይ የመርዝ ጋዝ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ተሰቅሏል፤ ስትከፍተው ባትሪ የለውም። ወንበሩ ሥር ያለውን የሾርባ ቴርሞስ አነሳች። እስከ አፉ ሙሉ ነው።

ሎርና ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድታ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። በብሎግና በቪዲዮ ዓሣ ማጥመድ ስታስተምር ግማሽ ሚሊዮን ተከታይ አፍርታለች። ቬርናም አልፎ አልፎ ታያት ነበር።

አይናርን ሐይቁ ዳር ባለው ቤቱ አገኘችው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ይተዋወቃሉ።

«ከእህትህ ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«አዎ፣ ተጣልተናል። አባታችን ለእኛ ብቻ ያሳየንን ቦታ በቪዲዮ ለዓለም አሳየችው። አሁን ቅዳሜ ሲመጣ ሐይቁ ገበያ ነው።»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበርክ?»

«እዚሁ፣ ብቻዬን፣ እንጨት ስፈልጥ። ከፈለግሽ እሰሪኝ።»

«ቁርሷን ስንት ሰዓት ነው የምትበላው?»

አይናር ግራ ገብቶት አያት። «ሦስት ሰዓት። አንድ ሰዓት ላይ በረዶው ላይ ትወጣለች፣ ሦስት ሰዓት ሾርባዋን ትጠጣለች። ሰዓትሽን በእሷ መሙላት ትችያለሽ።»

ጆዲ ቦልዩ የሎርናን ቪዲዮዎች የምትቀርጸውና የምታቀናብረው ናት፤ ገና ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ዓይኗ አብጦ፣ በሎርና የሥራ ክፍል ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣለች።

«አራት ሰዓት ላይ በሕይወት ነበረች» አለች። «ይኸው፣ ለተመልካቾቿ ስትመልስ።»

በሎርና ስም ሦስት መልሶች ተጽፈዋል። ሰዓታቸው ከአራት ሰዓት እስከ አራት ከሩብ ነው።

«የይለፍ ቃሉን ማን ያውቃል?»

«ሎርና፣ እኔና የብሎጉ ሰው ግራንት። አይናር ስልክ ራሱ በግድ ነው የሚያነሳው።»

«አንቺ ደግሞ ትተሻት የራስሽን ቻናል ልትከፍቺ ነበር አሉ።»

«ይህችን ከተማ ወሬ አያመልጣትም! አዎ፣ ነግሬያታለሁ። መርቃ የራሷን ማይክሮፎን ሰጠችኝ። ካላመኑኝ እዚያ መሳቢያ ውስጥ በእጇ የጻፈችልኝ የምርቃት ካርድ አለ።» ጆዲ አፍንጫዋን ጠረገች። «ትናንት አንድ ነገር አለችኝ። ነገ ሌላ ዓይነት ቪዲዮ እንቀርጻለን፤ ለግራንት ግን እንዳትነግሪው።»

«ግራንት ትናንት እዚህ መጥቶ ነበር?»

«ለብሎጉ ፎቶ አነሳለሁ ብሎ ጎጆዋ ውስጥ ገብቶ ነበር።»

ግራንት ኡልሪክ ብሎጉን የሚጽፍላት ሰው ነው። ሰዎች ኢንተርኔት ላይ ሲፈልጉ የሎርና ገጽ ከሁሉ በላይ እንዲወጣ ማድረግ ሙያው ነው፤ ዘዴውንም ለሌሎች ያስተምራል። ኮቱን ሳያወልቅ ገባ።

«ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ስድስት ሰዓት በከተማው ቤተ መጻሕፍት ሳስተምር ነበር። አሥራ አራት ምስክር አለኝ።»

ቬርና ምስክር አልጠየቀችውም። ያንን ልብ አለች። ግራንት የሐዘን መግለጫ እንዳዘጋጀ ነግሯት ስልኩን ሰጣት። ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«‹የሚኒሶታ የበረዶ ላይ ዓሣ ማጥመድ› የሚለው ሦስት ቦታ ገብቷል። ለምን?»

«ሰው ሲፈልግ የሚጽፈው ይህንኑ ነው። እሱ ከሌለ ገጹ ከላይ አይወጣም።»

«በሐዘን መግለጫም?»

ግራንት ትከሻውን ነቀነቀ። «ልማድ ሆኖብኝ ነው።»

ማምሻውን ከሎርና ኮት ኪስ አንድ ደብዳቤ ተገኘ። ጸሐፊዋ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ባሏ በሎርና ብሎግ ላይ ሰው ለመሸከም ሁለት ኢንች ውፍረት ያለው በረዶ ይበቃል የሚለውን አንብቦ ሐይቁ ላይ ወጣ፤ በረዶው ተሰብሮ ሰጠመ። ቬርና ጆዲን ገጹን እንድትከፍት ጠየቀቻት። አሁን የሚለው አራት ኢንች ነው።

«ተቀይሯል» አለች ጆዲ የገጹን የለውጥ መዝገብ እያየች። «ረቡዕ ማታ ነው፤ የቀየረውም ግራንት ነው።»

ዓርብ ጠዋት ሦስቱም በሎርና የሥራ ክፍል ተሰበሰቡ። አይናር ከመስኮቱ አጠገብ ቆመ፤ ጆዲ ከእሱ ራቅ ብላ ተቀመጠች። ግራንት በሩ አጠገብ ነው። ማንም ማንንም አያይም።

«ሎርና ተገድላለች» አለች ቬርና። «አየር መግቢያው ከነፋሱ በተቃራኒ ነው፤ በእጅ ተደፍኗል። የማስጠንቀቂያው ባትሪም ወጥቷል። መቼ ሞተች? መልሶቿን ካመንን ከአራት ሰዓት በኋላ። ሾርባዋ ግን አልተነካም። አይናር፣ ቁርሷን ዘልላ ታውቃለች?»

«በፍጹም።»

«እንግዲህ ከሦስት ሰዓት በፊት ሞታለች። አራት ሰዓት ላይ የመለሰው ሌላ ሰው ነው። ያንን የሚያደርገው በሕይወት ነበረች መባሉ የሚጠቅመው ሰው ነው። አይናር ቀኑን ሙሉ ብቻውን ነበር፤ ጆዲም እንደዚሁ። ለእነሱ የሞቷ ሰዓት ቢዘገይ ምንም አይረባቸውም። ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ምስክር ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«ይህ ግምት ነው» አለ ግራንት።

«ነበር።» ቬርና ወረቀት ዘረጋች። «ይህ ሎርና ባለፈው ሳምንት የመለሰችው ነው፦ ‹አይ ዴል፣ ትሉን ቀይርና ዝም ብለህ ጠብቅ።› ሁሉም እንዲህ ነው፤ አጭር፣ ሰውየውን በስሙ ጠርታ። ይህ ደግሞ የትናንቱ፦ ‹ለሚኒሶታ የበረዶ ላይ ዓሣ ማጥመድ ምርጡ ትል የቱ እንደሆነ ብዙዎች ይጠይቃሉ።› ሦስቱም መልሶች ውስጥ ያው ሐረግ አለ። እርስዎ የሞተችውንም ሴት አስመስለው ሲጽፉ ገጹ ከላይ እንዲወጣ ይደክማሉ።»

ጆዲ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ተማሪዎችዎን አነጋገርኳቸው። ልክ አራት ሰዓት ላይ የሃያ ደቂቃ መልመጃ ሰጥተው ጥግ ይዘው ስልክዎ ላይ ሲጽፉ ነበር። መልሶቹም የወጡት ከቤተ መጻሕፍቱ የኢንተርኔት መስመር ነው፤ ዛሬ ጠዋት ተረጋግጧል። ረቡዕ ፎቶ ብለው ባትሪውን አወጡ፤ ሐሙስ ከማስተማርዎ በፊት በረዶውን ጠቀጠቁ። ሎርና የሁለት ኢንቹን ጽሑፍ ማን እንደጻፈው በቪዲዮ ልትናገር ነበር።»

ግራንት ጀርባውን በሩ ላይ አስደገፈ።

«አጭር መልስ ነው ከላይ የሚወጣው» አለ። «‹እንደ በረዶው ዓይነት› ብትል ማንም አያነብህም። ሁሉንም ጽሑፍ አጠፋለሁ አለች። የስምንት ዓመት ሥራዬን። ለምኛታለሁ።»

«የሰጠመው ሰውዬስ?» አለ አይናር።

ወጣቱ ፖሊስ ግራንትን ይዞ ወጣ።

ጆዲ አይናርን ቀና ብላ አየችው። «ትናንት እርስዎ ነዎት ብዬ አስቤ ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ።»

«እኔም አንቺን ነበር የጠረጠርኩት» አለ አይናር።

ቬርና ኮቷን ስትለብስ፣ አይናር የሴትየዋ ደብዳቤ ቅጂ ይሰጠው እንደሆነ ጠየቃት። ሰጠችው። ወንበር ጎትቶ ክፍሉ ጥግ ከቆመው ካሜራ ፊት አስቀመጠና ቆቡን አውልቆ ተቀመጠ።

«እኔ እንደ እህቴ መናገር አልችልም» አለ። «ደብዳቤውን ማንበብ ግን እችላለሁ። ልጄ፣ ይህን ነገር ክፈቺው።»