የአሥር ደቂቃው ፍተሻ

አስከሬኑ ከሐይቁ የወጣው ከነጀልባው ነው። በአየር ትራስ ላይ የምትሄደው ሆቨርክራፍት ተገልብጣ፣ በዙሪያዋ በሚንጠለጠለው የጎማ ጨርቅ፣ ባለሙያዎቹ «ቀሚስ» በሚሉት፣ ሟቹን ሸፍና ይዛው ነበር። የለበሰው የነፍስ አድን ጃኬት ወደ ላይ ሲገፋው ከጀልባዋ ሆድ ጋር አጣብቆ አስቀረው። የሆቨርክራፍት ክለቡን ያቋቋመው፣ ትልቅ ትንሹ «ጋሼ» የሚለው ሰው መጨረሻው ይኸው ሆነ።

ኢንስፔክተሯ የሚያማትን ጉልበቷን እያሻሸች የጀልባዋን ወለል አስከፈተች። ሞተር ሲጠፋ ጀልባዋን እንዲያንሳፍፍ ከስር የሚታጨቀው ፎም የለም። ሞተሩ እስከሠራ ድረስ አየሩ ስለሚሸከማት ጉድለቱ አይታወቅም። ሐይቁ መሐል አረም ማራገቢያው ውስጥ ገብቶ ሞተሩ ቀጥ ሲል ነው ጉዱ የወጣው።

ጀልባዎቹ የሚያድሩበት መጋዘን ቁልፍ ያላቸው ሦስት ናቸው፦ መካኒኩ፣ ፈታሹ እና የጀልባዎቹን ቀሚስ የምትሰፋው የሟቹ ታላቅ እህት። የፍተሻው ወረቀት ላይ ፊርማው ስላለ ፈታሹ ከትናንት ጀምሮ ታስሯል፤ በነፍስ ግድያ ሊከሰስም ነው። ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላውም።

ኢንስፔክተሯ ከመካኒኩ ጀመረች።

«ከጋሼ ጋር ተጣልተው ነበር ይባላል።»

«ከሱ ጋር ያልተጣላ ማን አለ? ነፍሱን ይማረውና ምላሱ ሬት ነበር።»

«ፍተሻው እንዴት ነው የሚካሄደው?»

«ሞተር ይጠፋል፣ ባለቤቱ ይቀመጥባታል፣ ውሃ የተሞላ ገንዳ ውስጥ አሥር ደቂቃ ትቆያለች። ካልሰመጠች አረንጓዴ ሪባን ይታሰርላታል።»

«ስንት ሰዓት ጀመራችሁ?»

«ሁለት ሰዓት ላይ። ሁለት ከሠላሳ አምስት ላይ አራታችንም በየጀልባችን ሐይቁ ላይ ነበርን።»

«ገንዳው ስንት ጀልባ ይይዛል?»

«አንድ። እሷንም በግድ።»

ኢንስፔክተሯ አመሰግናለሁ ብላ ወደ እህትየው መስፊያ ክፍል አለፈች። ሴትዮዋ ጥቁር ለብሳ፣ የስፌት መኪናው ፊት ተቀምጣ፣ የምትሰፋው ነገር ሳይኖር ፔዳሉን ትረግጣለች።

«እግዜር ያጥናዎት።»

«አሜን።»

ከመኪናው ጀርባ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ፎሙ ተደርድሯል። እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ በልብስ ሰፊ ጠመኔ ቁጥር ተጽፎበታል።

«ትርፍራፊ ነው» አለች እህትየው፣ ቀና ሳትል።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም መጋዘኑ ውስጥ ተሰበሰቡ። ፈታሹንም ካቴናውን ሳይፈቱለት አመጡት።

«አራት ጀልባ በአንድ ገንዳ፣ አሥር አሥር ደቂቃ» አለች ኢንስፔክተሯ። «አርባ ደቂቃ ይፈጃል። እናንተ በሠላሳ አምስት ጨርሳችሁ ሄዳችኋል። የማን ጀልባ ነች ያልተፈተሸችው?»

ፈታሹ አንገቱን ደፋ። «የጋሼ። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ገንዳ ውስጥ ጎልቻቸው ሰዓት ልይዝባቸው? ይሉኝታ ያዘኝ። ‹ጋሼ፣ እርስዎማ ይለፉ› ብዬ ሪባኑን አሰርኩላቸው።»

«በቃ፣ ፎሙንም ያወጣው እሱ ነዋ» አለ መካኒኩ።

«አይደለም» አለች ኢንስፔክተሯ። «የዚያን ዕለት ጠዋት መጋዘኑ በሰው ተሞልቶ ስለነበር ፎሙ የወጣው በዋዜማው ነው። ለመግደል የፈለገ ሰው ፍተሻው እስኪያልፍ ይጠብቃል። ይኼኛው ግን በነጋታው ገንዳው እንደሚያጋልጠው እያወቀ አወጣው። ጀልባዋ ፍተሻውን እንድትወድቅ ነው የፈለገው። ደግሞም አልጣለውም፣ መልሶ በቦታ በቦታው ሊያስገባው ቁጥር ጻፈበት። በልብስ ሰፊ ጠመኔ።»

ሁሉም ወደ እህትየው ዞሩ።

«የሚጥል በሽታ ነበረበት» አለች ቀስ ብላ። «መሪ እንደያዘ ሁለት ጊዜ ወድቋል። ቅር ብለው እምቢ አለኝ። ለሰው እንዳልተነፍስም በእናታችን አስማለኝ። ገንዳው ያስቀርልኝ ብዬ ነው። ይሳቁበት፣ እሱም ይቀየመኝ፣ ብቻ ይቅር ብዬ።»

«እትዬ» አለ ፈታሹ፣ «ሐይቁ ዳር ቆመው ሲሸኟቸው ለምን አልጮኹም?»

«ሪባኑን አየሁት። አንተ ካሳለፍከው ያለ ፎሙም ትንሳፈፋለች ማለት ነው አልኩ። አንተን አምኜ።»



ኢንስፔክተሯ የልጁን ካቴና አስፈታች። ከግድያው ክስ ነፃ እንደሚወጣ ታውቃለች፤ ከሌላው ግን ማንም አያወጣውም። በሃያ ዓመት ሥራዋ እውነቱን ባገኘች ቁጥር ቀለል ይላት ነበር። ዛሬ ለማን እንደምትሰጠው ጠፋት፤ ማንንም የማይጠቅም እውነት ታቅፋ ቀረች።

«በሽታው ተነስቶበት ነበር አይደል?» አለች እህትየው። «ራሱን ስቶ ከሆነ አልታወቀውም። እሱን ብቻ ንገሩኝ።»

ኢንስፔክተሯ አዎ ልትል ነበር። መካኒኩ ቀደማት።

«ኧረ ደህና ነበር። ሞተሩን ለማስነሳት ሲታገል አይተነዋል። እምቢ ሲለው በሁለት እጁ እያውለበለበ ጠራን። እስክንደርስ አልቆየም።»

«እሺ» አለች እህትየው።