ግማሽ አየር

«ግንቡ» የሚሉት ወጣት የእሳት አደጋ ሠራተኛ በጀርባው ተንጋልሎ ከጭስ ቤቱ እየተጎተተ ሲወጣ፣ ጥላ ሥር የተቀመጡት እንግዶች አጨበጨቡ። የልምምዱ አካል መስሏቸው ነበር። ጭብጨባው የቆመው የምትጎትተው ሴት ማስኳን ከፊቷ መንጭቃ ጥላ «ሰው እርዱኝ፣ አይተነፍስም» ስትል ነው።

ጭስ ቤቱ በእሳት አደጋ ጣቢያው ጓሮ የተሠራ፣ መስኮት የሌለው የብሎኬት ክፍል ነው። እርጥብ ጭድና አሮጌ ጎማ ይጨስበትና ሠራተኞቹ በጀርባቸው ካዘሉት የአየር ሲሊንደር እየተነፈሱ፣ በዳበሳ ሰው መፈለግ ይለማመዱበታል። የዚያን ዕለት ልምምዱ የተዘጋጀው ከከተማው ምክር ቤት ለመጡ እንግዶች ነበር። ግንቡን «ግንቡ» ያሉት ትከሻው በር ስለሚሞላ ነው፤ ሥራውን ከጀመረ ገና ዓመት አልሞላውም። የጎተተችው ጓደኛው ደግሞ ቀጭን ናት፤ እንቢ ካለች ስለማትነቃነቅ «ሚስማር» ይሏታል። ደረቱን እየተፈራረቁ ቢጫኑትም ግንቡ አልተመለሰም።

በማግስቱ ምርመራው ለአንዲት ኢንስፔክተር ተሰጠ። ሰው መልሱን ጨርሶ ሊነሳ ሲል «ቆይ እስቲ» ማለት ስለማትተው፣ ባልደረቦቿም ከኋላዋ የሚጠሯት በዚሁ ነው።

«ልጁ ደንግጦ ማስኩን አወለቀ፣ ጓደኛው ጥላው ወጣች፤ አለቀ» አላት አለቃዋ። «ዛሬውኑ ዝጊው።»

«አይቼው ልዝጋው» ብላው ወጣች።

የጣቢያው አዛዥ ቢሮው ውስጥ ተቀበላት። ሱሪው እንደ ምላጭ ተተኩሷል፣ ፊቱ ግን እንቅልፍ አላየም።

«የግፊት ማሳያው ግማሽ አየር እንደነበረው ያሳያል» አለ። «ግማሽ አየር እያለው ማስኩን የሚያወልቅ ሰው የደነገጠ ሰው ነው። ሚስማር ደግሞ ብቻውን ትታው ወጥታለች።»

«ማሳያውን ማን አነበበው?»

«የእናንተው ፖሊስ፣ ከሰዓት በኋላ። ልጅቷ ማንገቻውን በቢላ ቆርጣ ነው ሰውየውን የጎተተችው፤ መሣሪያው እዚያው ውስጥ ቀረ። አምቡላንሱ እንደወጣ በሩን አሸግኩት።»

«እስከዚያ ድረስ ማሳያውን ያየ የለም?»

«በዚያ ጭስ ማን ገብቶ ያያል?»

«ታዲያ ደንግጦ ነው የሚለውን መጀመሪያ ከማን ሰሙ?»

«ከምክትሌ። አምቡላንሱ አጠገብ ቆመን፣ እንባው እየወረደ፣ ‹ግማሽ አየር እያለው አወለቀው› አለኝ። የሟች እህት ባል እኮ ነው። እዚህ ያስቀጠረውም፣ ያሠለጠነውም እሱ ነው።»

ኢንስፔክተሯ ራሷን ነቀነቀች። «ሥልጠና የምክትሉ ሥራ ነው?»

«አሠልጣኛችን ጡረታ ወጣ፤ ምትክ አልተሰጠኝም።»

«አንድ ጥንድ ሲገባ ሌላ ጥንድ ለብሶ በር ላይ ይጠብቃል ሲባል ሰምቻለሁ። የት ነበሩ?»

አዛዡ መስኮት መስኮቱን አየ። «ለእንግዶቹ ወንበር ያመላልሱ ነበር። ሰው የለኝም። ግማሹ ለቆብኛል፤ ያለው በአንድ ፈረቃ የሁለት ሰው ሥራ ይሠራል። ምን ላድርግ?»

«ልምምዱን መተው ይችሉ ነበር» አለችና ተነሣች።

የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ቁልፌ ናቸው። ቁልፋቸው ወገባቸው ላይ እየተንሿሿ መጋዘኑን ከፈቱላት። የግንቡ መሣሪያ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል፤ ማንገቻው ተቆርጧል፣ ሲሊንደሩ በጥላሸት ጠቁሯል። ኢንስፔክተሯ ጓንት አድርጋ ሲሊንደሩን ከጀርባው ሰሌዳ ጋር ያሰረውን ሰፊ ቀበቶ ፈታችና ከሥሩ ያለውን ብረት ለረጅም ጊዜ አየች። እንደ ሌላው ሁሉ ጥቁር ነው።

ቀና ስትል ጥግ ላይ በሸራ የተሸፈነ ትልቅ ነገር አየች። ሸራውን ብትገልጠው አቧራ ፊቷ ላይ ተነሣ።

«ኮምፕሬሰር ነው» አሉ ጋሽ ቁልፌ ቶሎ ብለው። «ሲሊንደር የሚሞላው።»

«ሥራ ከፈታ ቆይቷል ማለት ነው?»

«አይ፣ ትንሽ አሞት...»

«ቆይ እስቲ፣ ጋሼ። እሱ ታሞ ከተኛ ሲሊንደሮቹን ማን ይሞላቸዋል?»

ሽማግሌው ቁልፋቸውን ጨበጡ። «የጎረቤት ጣቢያ እየለመንን። እነሱም እጥረት አለባቸው፤ ግማሽ ግማሽ ነው የሚሞሉልን። ምክትሉ ለማንም አትናገር ብሎኛል። እኔ ደግሞ ጡረታዬ ደርሷል፣ ልጄ፤ ከሰው ጋር መጣላት አልፈልግም።»

«ትናንትም ሁሉም ግማሽ ነበሩ?»

«አንድም ሙሉ አልነበረም።»

«አምቡላንስ የጠራው ማነው?»

«እኔ ነኛ። የሚሠራው ስልክ እኔ ክፍል ያለው ብቻ ነው።»

«ትናንት ማታ ይህን ክፍል ሌላ ሰው ከፍቶት ነበር?»

«አንድ ሰው ቁልፉን ተውሶኝ ነበር» አሉ ጋሽ ቁልፌ። ማን እንደሆነ ለመናገር ግን ከንፈራቸው እንቢ አለ።

ለቅሶ ቤት ስትደርስ ምክትል አዛዡ ጋቢ ተከናንቦ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ዓይኑ አብጧል፤ ለቅሶው የእውነት እንደሆነ ኢንስፔክተሯ አልተጠራጠረችም። ሚስቱ፣ የግንቡ ታላቅ እህት፣ ቀድማ አፏን ከፈተች።

«ያቺን ልጅ ምን አደረጋችኋት? ወንድሜን ጥላ ወጥታ ቤቷ ተቀምጣለች።»

«እርሷም ዘንድ እሄዳለሁ» አለች ኢንስፔክተሯ። ከዚያ ወደ ባልየው ዞረች። «ግንቡ ሲወጣ የት ነበሩ?»

«ከእንግዶቹ ጋር። እንዳየሁት አምቡላንስ ልጠራ ወደ ቢሮ ሮጥኩ።»

«ጠሩ?»

«አዎ።»

«መሣሪያው ላይ የማስጠንቀቂያ ፊሽካ አለ አሉኝ። ጮኾ ነበር?»

«ለምን ይጮኻል? ፊሽካው የሚጮኸው አየሩ ሊያልቅ ሲል ነው። እሱ ግማሽ ነበረው እኮ።»

«ልክ ነው» አለች ኢንስፔክተሯ። «ግማሽ ነበረው።»

ሚስማር የምትኖረው ከአክስቷ ጋር ነው። አክስቷ በሩን በግማሽ ከፍተው «ወረቀት አስፈርመሽ ልትሄጂ ከሆነ እዚያው ተመለሺ» አሏት።

«ሊያስፈርሟት የሞከሩት ማናቸው?»

«አዛዡ ናቸው የላኩት» አለች ሚስማር ከውስጥ። «‹ደንግጬ ጓደኛዬን ትቼ ወጣሁ› ይላል። አልፈርምም። ከሥራ ቢያባርሩኝ፣ ቢያስሩኝም አልፈርምም።»

«እኔ የያዝኩት ጥያቄ እንጂ ወረቀት አይደለም። ለምን ወጣሽ?»

ሚስማር በሩ ላይ ቆማ መለሰች። «የምንጎትተው የውሃ ቱቦ በሩ ጥግ ላይ ተቀርቅሮ አልሳብ አለን። በር ላይ የሚጠብቅ ሰው ቢኖር እሱ ይፈታው ነበር። ግንቡ ትከሻዬን መታ አድርጎ ‹ሂጂ› አለኝ። ፈትቼ ስመለስ ወድቋል፤ ማስኩ ከፊቱ ላይ ተነቅሏል። ያን ሰውነት ብቻዬን ማንሳት አልቻልኩም፤ ማንገቻውን ቆረጥኩ።»

«ፊሽካ ሰማሽ?»

«አልሰማሁም። የገረመኝም እሱ ነው። እየጎተትኩት ሳለ የእኔም አየር እያጠረ መጣ፤ ማስኩ ፊቴ ላይ ተጣበቀ። የእኔም ፊሽካ አልጮኸም። ይህን ለመጀመሪያው ፖሊስ ብነግረው ‹ተረጋጊ› አለኝ። ምክትሉ ‹መሣሪያሽን አስረክቢ› ሲለኝ እንቢ ብዬ ይዤው ወጣሁ።»

«የት አለ?»

ሚስማር አክስቷን አየች። አክስቷም ኢንስፔክተሯን ከእግር እስከ ራስ መርምረው ሲያበቁ ከመንገድ ገለል አሉ። መሣሪያው አልጋ ሥር፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ነበር።

በምርመራው ሁለተኛ ቀን ጠዋት ኢንስፔክተሯ መኪኖቹ በሚቆሙበት አዳራሽ ሁሉንም ሰበሰበቻቸው። አዛዡ፣ ምክትሉና ሚስቱ፣ ጋሽ ቁልፌ፣ ሚስማር፣ የፈረቃው ሠራተኞች በቀዩ መኪና ዙሪያ ቆሙ። ለምርመራ ከመጋዘን የወጡት ሲሊንደሮች አጠገባቸው መደርደሪያ ላይ ተደርድረዋል። እህትየው ሚስማርን ስታይ ፊቷን አዞረች።

«ከአንድ ቀላል ነገር ልጀምር» አለች ኢንስፔክተሯ። «ግንቡ ሲገባ ሲሊንደሩ ግማሽ ነበር። ኮምፕሬሰሩ ከተበላሸ ወራት አልፎታል፤ በዚህ ጣቢያ ሙሉ ሲሊንደር አልነበረም። ሲሞት የተነበበውም ግማሽ ነው። አንድ ግዙፍ ሰው፣ ሥራ ላይ ሆኖ፣ በጭስ ውስጥ ያን ያህል ቆይቶ፣ ምንም አልተነፈሰም ማለት ነው?»

ኢንስፔክተሯ በእጇ ወደ መጋዘኑ አመለከተች።

«ጠረጴዛው ላይ ያለው ሲሊንደር የእሱ አይደለም። ቀበቶውን ስፈታ ከሥሩም ጥላሸት አገኘሁ። ጭስ ጠበቅ ባለ ቀበቶ ሥር አይገባም፤ ብረቱ ላይ ንጹሕ መስመር ሊኖር ይገባ ነበር። ስለዚህ ይህኛው ሲሊንደር ጥላሸቱን ያገኘው ከጭሱ ሳይሆን ከሰው እጅ ነው። ግንቡ የሞተው አየሩ አልቆ ነው። አንድ ሰው ማስክ አድርጎ ጭሱ ውስጥ ገብቶ፣ ባዶውን ወስዶ ይህን ተካ።»

«በሩን አሽጌው ነበር» አለ አዛዡ።

«ከማሸግዎ በፊት ነው። ሁላችሁም የግንቡ ደረት ላይ ተደፍታችሁ ሳለ። ያኔ ከመካከላችሁ አንድ ሰው ጎድሎ ነበር። አምቡላንስ ልጠራ ሄድኩ ብሎኛል። አምቡላንስ የጠሩት ግን ጋሽ ቁልፌ ናቸው፤ ሌላ የሚሠራ ስልክ የለም። ይኸው ሰው ሲመለስ አዛዡን ‹ግማሽ አየር እያለው አወለቀው› አላቸው። ማሳያው ገና ጭስ ውስጥ ነበር፤ ፖሊስ ያነበበው ከሰዓት በኋላ ነው። የሚያሳየውን ቀድሞ ሊያውቅ የሚችለው ሲሊንደሩን ያስቀመጠው ሰው ብቻ ነው።»

እህትየው ቀስ ብላ ወደ ባሏ ዞረች።

«ለምን?» አለ አዛዡ። «ምን ሊጠቅመው?»

ኢንስፔክተሯ የሚስማርን መሣሪያ መኪናው ደረጃ ላይ አስቀመጠች፤ ያለቀውን ሲሊንደር ከመደርደሪያው ባነሣችው ባለ ግማሽ ተክታ ቧንቧውን በጥቂቱ ከፈተችው። አየሩ ሲወጣ ሁሉም አዳመጡ። የማሳያው መርፌ ወርዶ ፊሽካው ሊጮኽ የሚገባው ቀይ መስመር ላይ ደረሰ፤ እሱንም አልፎ ዜሮ ላይ ተኛ። ፊሽካ የሚባል አልተሰማም። የፊሽካውን ክዳን ፈትታ ከውስጡ በመርፌ ጫፍ የደደረ የሻማ ሰም አወጣች።

«ግማሽ የተሞላ ሲሊንደር ፊሽካው ቶሎ ይጮኻል» አለች። «እንግዶች ፊት እያከታተለ ቢጮኽ ደግሞ ያሳፍራል። በሁሉም ላይ ሰም ተደረገ። ግንቡ ከሞተ በኋላ፣ የመጋዘኑ ቁልፍ በውሰት ተወስዶ ሰሙ ከሁሉም ተለቀመ። የቀረው የዚህ ብቻ ነው፤ ባለቤቷ አላስረክብም ስላለች። ጋሼ፣ ቁልፉን የወሰደው ማነው?»

ጋሽ ቁልፌ በጣታቸው ምክትሉን አመለከቱ።

ምክትሉ መኪናው መርገጫ ላይ ተቀመጠ። «በቅድመ ልምምዱ ፊሽካው ሁሉ አንድ ላይ ጮኸብኝ» አለ። «ሠራተኛው ሳቀ። አዛዡ ‹እንግዶች ፊት እንዲህ ካደረግህ እርሳው› አለኝ፤ ቃል የገባልኝን ሹመት። አጭር ልምምድ ነው፣ ሳያልቅ ይወጣሉ ብዬ ነው። ግንቡ አብዝቶ እንደሚተነፍስ ረሳሁት።»

«ያሠለጠንከው አንተ አይደለህም?» አለች ሚስቱ። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። «እሺ፣ እሱ ስህተት ይሁን። እኔን ግን ለቅሶ ላይ አስቀምጠህ ይህችን ልጅ አስረገምከኝ። ይኼም ስህተት ነው?»

ከኢንስፔክተሯ ጋር የመጡት ፖሊሶች ምክትሉን ይዘው አስነሱት።

አዛዡ ኢንስፔክተሯን ገለል አድርጎ «እኔ እንግዲህ ስለ ሰሙ የማውቀው የለም» አላት። «አለቃዎንም አነጋግሬያለሁ፤ ነገሩ እዚህ ላይ ይብቃ ብለዋል።»

«ስለ ኮምፕሬሰሩ ያውቃሉ፤ በቅድመ ልምምዱ ፊሽካው ሁሉ ሲጮኽ ሰምተዋል። በር ላይ የሚጠብቁትን ወንበር ያሸከሙት እርስዎ ነዎት። የሐሰት ቃል ጽፈው ለሚስማር የላኩትም እርስዎ። አለቃዬ ካልተስማማ በስሙ ይሰርዘው፤ እኔ እጽፈዋለሁ።»

አዛዡ ፊቱ ጠቆረ። ወደ ሠራተኞቹ ዞሮ «በሉ ወደ ሥራ፤ ሲሊንደሮቹን ወደ መጋዘን መልሱ» አለ።

ሚስማር አንድ ሲሊንደር ከመደርደሪያው አነሣች። ወደ መጋዘን ግን አልሄደችም። በትልቁ በር ወጥታ፣ የእግረኛ መንገዱ ላይ፣ ማሳያውን ወደ ሰው አዙራ አቆመችው። ተመልሳ ሌላ አነሣች። ከፈረቃው አንዱ ተከተላት፣ ከዚያ ሌላው። ጋሽ ቁልፌም ትንሽ አመንትተው አንዱን አቅፈው ወጡ።

«ይህን ማን ፈቀደ?» አለ አዛዡ።

«ማንም» አለች ሚስማር። «ጥሪ ከመጣ እንወጣለን፤ ከውጭ ቆመን እስከምንችለው እንረጫለን። እነዚህ ሳይሞሉና በር ላይ የሚጠብቀን ሰው ሳይኖር ግን ከእንግዲህ ወደ ጭስ የሚገባ የለም። ሌላ የሚገባ ካለዎት ያስገቡ።»

አዛዡ ዙሪያውን አየ። የሚታዘዘው ሰው ፈለገ፤ የሁሉም እጅ ሲሊንደር ይዟል።

እህትየው እስከዚያ ድረስ ቆማ ነበር። ነጠላዋን አጥብቃ ታጠቀችና ወደ መደርደሪያው ሄደች። ሲሊንደሩ ከብዷት ስትንገዳገድ ሚስማር ልትረዳት እጇን ዘረጋች። እህትየው አየቻት፤ ከዚያ አንዱን ጫፍ ለቀቀችላት። ሁለቱ ተሸክመው አወጡት።

መንገዱ ላይ ሰው መቆም ጀምሯል። አንድ ዘንቢል የያዙ ሴትዮ ተጠግተው «ምንድን ነው ይኼ፣ ልጄ?» አሏት።

«ወንድሜን የገደለው ነው» አለች እህትየው። «ጠጋ ብለው ያንብቡት። ቤትዎ ሲቃጠል የሚመጣልዎትም ይኼው ነው።»