ፈረሱ የቆመበት በር

የጋሪው ፈረስ ዳማው ቀጥ ብሎ ቆመ።

ደሴ ልጓሙን ነቀነቀ። ጅራፉን አጮኸ። ፈረሱ ወይ ፍንክች! ከሰማያዊው የብረት በር ፊት ተተክሎ ጆሮውን ቀስሮ ይጠብቃል።

በዳንግላ የገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ያ ጆንያ ጋሪው ላይ ተጭኖ!

ጆንያው ውስጥ ያለው ከነአፈሩ የተነቀለ ሥር ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ የነርቭ ሴል ሲያሳድግ ከታየ ወዲህ ከባሕር ማዶ ፈላጊው በዝቷል። ደሴ አራት ወር ሙሉ ባለጋሪ መስሎ የኖረው ሥሩን ከአገር የሚያሾልከውን ሰው ሊይዝ ነው። ዛሬ ገዢው መናኸሪያ ይመጣል፤ የፖሊሷ ሶስና ከባልደረቦቿ ጋር እዚያ አድፍጣለች። ዕቅዱን ከእንጅባራ ሆኖ በስልክ ያወጣው አለቃው ክንዴ ነው፤ የምስጢር ስሙ «አውራ»። «አንድ ሳታስቀር ንቀል፤ ገዢው ሙሉውን ካላየ አይመጣም፤ ከቀረም ጆንያውን ለኔ ታስረክባለህ» ብሎት ነበር።

ነቀለ። ጎህ ሲቀድ፣ እማማ ወርቅአየሁ ቤተ ክርስቲያን ሳሉ፣ ጓሯቸውን ባዶ አደረገው። እኒያ መድኃኒተኛ እኮ በዚሁ ሥር እጁን ሲያክሙለት ነበር! በቀድሞ ግዳጅ ጩቤ ነርቫቸውን የበጠሰባቸው ሁለት ጣቶቹ ባለፈው ሳምንት መንዘር ጀምረውለታል።

«ሂድ እንጂ አንተ!»

ፈረሱን የገዛው ከአድማሴ ሚስት ነው። አድማሴ ከሱ በፊት በዚሁ ሥራ የተሰማራ ሰላይ ነበር፤ ጋሪ ተገልብጦበት ሞተ ተባለ። የጋሪ ፈረስ ደግሞ ደንበኛ አይረሳም። ዘወትር ጭነት ካወረደበት በር ሳይቆም አያልፍም።

አድማሴ እዚህ ጭነት ያወርድ ነበር።

ለማን?

ደሴ ስልኩን ኪሱ ውስጥ በዳበሳ ነክቶ ለሶስና ደወለ። መስመሩን ክፍት ተወው። በሩ ተከፈተ።

ክንዴ!

እንጅባራ ነኝ ያለው ሰውዬ ነጠላ ጫማ ተጫምቶ ብቅ አለ። ከኋላው፣ በረንዳው ላይ፣ አፈር የተሞሉ የችግኝ ከረጢቶች ተደርድረዋል።

«ማን እዚህ አምጣ አለህ?»

«ፈረሱ።»

ክንዴ ዳማውን አየው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ዕቅዱ ተቀይሯል። አውርደው።»

«ከፖስታ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር ያለው ቤት እንዳለዎት አላውቅም ነበር፣ ጌታዬ።»

«ወሬ አታብዛ! አድማሴም ወሬ አብዝቶ ነው የተቀበረው።»

ሽጉጡ ወጣ።

ደሴ ጆንያውን ጎተተ። ቀስ። በጣም ቀስ። ፈርቷል፤ ምን ያስዋሻል!

«ፍጠን!»

«ጣቶቼ አይዙልኝም ጌታዬ። ይርዱኝ።»

ክንዴ እየተራገመ ሽጉጡን ቀበቶው ውስጥ ሻጠና ጆንያውን በሁለት እጁ አቀፈ። ሶስና ስትደርስ እንደታቀፈው ነበር።

ክንዴ በካቴና ታስሮ ተወሰደ፤ ጆንያው በሰም ታሸገ።

«አፈር ይፈልጋል» አላት ደሴ። «በሦስት ቀን ይደርቃል።»

«ኤግዚቢት ነው። ዳኛ ሳያየው አይከፈትም። ምን ላድርግህ?»

ጋሪው ወለል ላይ ሾልኮ የቀረ አንድ ሥር ነበር። እሱን አላስመዘገበም። ፈረሱን ለአድማሴ ሚስት መልሶ በእግሩ ወደ መንደሩ ወጣ።

እማማ ወርቅአየሁን የተቆፈረው መደብ ዳር ተቀምጠው አገኛቸው።

«የእናት ጡት ነካሽ! እጅህን ያሸሁልህ ለዚህ ነው?»

ተንበርክኮ ሥሩን ዘረጋላቸው። ይቅርታ ሊል ሲል እንባው ቀደመው።

«የቀረው ይኸው ብቻ ነው?»

«ይኸው ብቻ።»

ሥሩን ተቀብለው አገላበጡት። «ተቀቅሎ ቢታሰርበት ለጣትህ ይበቃል። አሁን ካልታከመ እንደ ደረቀ ይቀራል።»

«ይተከል እማማ።»

«እስኪደርስ ሦስት ዓመት ነው፤ ያኔ ላንተ አይሆንም!»

«አውቃለሁ።»

በጤነኛ እጁ ቆፍሮ ተከለው። እሳቸው ውሃ አጠጡት።

«ደሴም ስምህ አይደለም፤ አይደል?» አሉት ሊሄድ ሲነሳ። «የክርስትናህን ንገረኝ፤ በጸሎት ላስብህ።»

ያን ስም መሥሪያ ቤቱም አያውቀውም። ጎንበስ ብሎ በጆሯቸው ነገራቸው።

አመሻሽ ላይ ወደ ባሕር ዳር በሚወጣ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ አራተኛ ሆኖ ተቀመጠ።

«አንተ ልጅ፣ ጠጋ በል እንጂ!» አለው ረዳቱ።

ጠጋ አለ።