መረቡ ውስጥ ብቻ

«ፖሙን እዚህ ውስጥ ይጣሉልኝ፣ እመቤት» አለች ኮራሊ፣ የፕላስቲክ ቅርጫቱን ወደ ፊት ገፋ አድርጋ። «ከመርከብ ፍራፍሬ ይዞ መውረድ አይፈቀድም።»

ከጀልባው የወረዱት አሮጊት የገመጡትን ፖም አገላብጠው አዩት። «ሁለት ጉርሻ እኮ ነው የቀረው።»

«እንግዲያው እዚሁ ቆመው ይጨርሱት። እጠብቅዎታለሁ።»

አሮጊቷ ሳቅ ብለው ፖማቸውን መኮርሸም ጀመሩ። ከኋላቸው ሰልፉ እየረዘመ ሄደ።

መርከቡ የፎቅ ሰፈር መስሎ ከወሽመጡ መሀል ቆሟል። የሄሮን ፖይንት ውኃ ጥልቀት ስለሌለው ወደ ዳር መጠጋት አይችልም፤ ተሳፋሪዎቹን ትንንሽ ጀልባዎች እየተመላለሱ ያራግፏቸዋል። ኮራሊና ጓደኛዋ ታሻ ቢጫ ካናቴራ ለብሰው የሚቆሙት እዚያ የእንጨት መውረጃ ላይ ነው። ሁለቱም የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው፤ ለበጎ ፈቃድ ሥራ የተመዘገቡትም አብረው ነው።

ሥራው አፍ ማድከም ነው። ለሁሉም ሰው ያው ቃል ይደገማል። ኮፍያ ያድርጉ፣ ውኃ ይያዙ፣ ክሬም ደጋግመው ይቀቡ። የመጨረሻው ጀልባ አሥር ሰዓት ላይ ነው፣ መርከቡ ቆሞ አይጠብቅም። ባሕር የሚገቡ ከሆነ ደግሞ መረቡ ውስጥ ብቻ።

ይህን ያስጠኗቸው የበጎ ፈቃደኞቹ አስተባባሪ አክስት ዶርሲ ናቸው። አክስት ዶርሲ የሰሜኖቹ ደሴቶች ተወላጅ ናቸው፤ በከተማው ትንሽ ትልቁ «አክስት» ይላቸዋል። ጠዋት ካናቴራዎቹን ሲያድሉ «ሌላው ቢረሳችሁ ግድ የለም» ብለዋቸው ነበር። «መረቡን ግን አንድም ሰው ሳይሰማ እንዳያልፍ።» በዝናቡ ወራት ተናዳፊዎቹ የባሕር እንስሳት፣ ጄሊፊሾች፣ ወደ ዳር ይመጣሉ፤ መረቡ ዋናተኞችን ከእነሱ ለመከለል ባሕሩ ውስጥ የታጠረ ነው። ሰውነታቸው እንደ ውኃው ጥርት ያለ ስለሆነ፣ ሰው የሚያውቃቸው ከነደፉት በኋላ ነው።

ረፋዱ ላይ ታሻ ተሰላችታ በመውረጃው አጥር ላይ ተንጠለጠለች። «አንድ ቪዲዮ ላይ ቀድተው ቢያጫውቱላቸው አይሻልም? እኔ በቀቀን ሆንኩ እኮ።»

በዚህ መሀል ነው አባትና ልጅ የወረዱት። አባትየው ከስኮትላንድ የመጣ፣ አንገቱ ከወዲሁ በፀሐይ የቀላ ረጅም ሰው ነው። ልጅቷ አሥራ ሁለት ወይም አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ሁሉን ነገር በትልልቅ ዓይኖቿ ታያለች።

«እዚህ አገር የማይገድል ነገር የለም ይባላል» አለ ሰውየው እየቀለደ። «ቫሪ ሌሊቱን ሙሉ ስታነብልኝ ነው ያደረችው። ከሁሉም የሚብሰው የትኛው ነው?»

ታሻ ከአጥሩ ወረደች። ፊቷን ስታኮሳትር የሚችላት የለም። «ተወርዋሪ ድቡ ነዋ።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ዛፍ ላይ የሚኖረውን ኮዋላ ይመስላል። ግን ሥጋ በል ነው። ዛፍ ላይ አድፍጦ ይጠብቅና ሰው በሥሩ ሲያልፍ ከላይ ይወድቅበታል። እዚህ ተወልደን ያደግነውን በጠረናችን ስለሚለየን ብዙም አይነካንም። እንግዳ ነው የሚወደው።»

ቫሪ ወደ ኮራሊ ዞረች። «እውነት ነው?»

ኮራሊ ይህን ቀልድ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። አባቷም፣ አያቷም እንግዳ ባዩ ቁጥር የሚያወጡት ቀልድ ነው። ስለዚህ ብዙም ሳታስብ እጅጌዋን ሰብስባ፣ አምና ከብስክሌት ስትወድቅ ክንዷ ላይ የቀረባትን ጠባሳ አሳየቻት።

«ይኼ የሱ ጥፍር ነው» አለች።

ቫሪ ትንፋሿን ዋጠች።

«መፍትሔው ቀላል ነው» አለች ታሻ። «ቬጂማይት ከጆሮሽ ጀርባ ትቀቢያለሽ። ሽታውን አይችለውም። ያ ሱቅ ውስጥ አለ።»

አባትና ልጅ አመስግነው ወደ ሱቁ ሄዱ። ታሻ ጀርባዋን ሰጥታ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ትንሽ ቆይቶ ከሱቁ ውስጥ የብዙ ሰው ሳቅ ተሰማ።

ተመልሰው ሲመጡ ቫሪ ከጆሮዋ ጀርባ ዳቦ ላይ የሚቀባው ጥቁር ነገር ተለድፎባታል። ፊቷ ቲማቲም መስሏል። አባቷ ፈገግ ብሏል፤ ፈገግታው ግን ሙሉ አልነበረም።

«ተሸወድን» አለ። «ባለሱቁ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቶ አሳየን።»

«ይቅርታ» አለች ኮራሊ። ሳቋ ጉሮሮዋ ላይ ቆሟል። «የእንግዳ ቀልድ ነው፣ ክፋት የለውም። ግን ያልነገርናችሁ ነገር አለ፤ ይኼ የምሬን ነው። ባሕር ከገባችሁ መረቡ ውስጥ ብቻ ነው። ከመረቡ ውጭ ተናዳፊዎች አሉ።»

«ምን ዓይነት ተናዳፊ?» አለ ሰውየው።

«ጄሊፊሽ ናቸው። በዓይን አይታዩም። እጆቻቸው እንደ ክር ቀጭን ሆነው እስከ ሦስት ሜትር ይረዝማሉ…»

ቫሪ የአባቷን እጅ ጎተተች። «አባዬ፣ ሰማህ? አሁን ደግሞ የማይታይ ሆነ።»

ከኮራሊ ጀርባ ታሻ ፍንድት ብላ ሳቀች። ኮራሊ ልታቆመው ሞከረች፤ ከንፈሯን ነከሰች፣ ወደ መሬት አየች። አልሆነላትም። እሷም ሳቀች። እየሳቀችም «የምሬን ነው እኮ» አለች።

«አንዴ ይበቃናል» አለ ሰውየው፣ በደግነት ጭንቅላቱን እየነቀነቀ። ልጁን አቅፎ ወደ ባሕሩ ዳርቻ የሚወስደውን መንገድ ያዘ።

ኮራሊ ልትከተላቸው አንድ እርምጃ ተራመደች። ሌላ ጀልባ ደረሰ። አንድ ሽማግሌ ከነሙዝ ልጣጩ ወረዱ።

የምሳ ሰዓት ሲደርስ ኮራሊ የድንች ጥብሷን ይዛ ብቻዋን ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወረደች። መረቡ ውስጥ ሰው ይተራመሳል። እሷ ግን ጫጫታውን ሸሽታ ድንጋዮቹ አጠገብ ተቀመጠች። ከመረቡ ውጭ አንድ ሰው ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆሟል። ውኃውን በሁለት እጁ ይመታል። የሚጫወት መሰላት።

ከዚያ ድምፁን ሰማች። እንዲህ ያለ ድምፅ ከሰው ሲወጣ ሰምታ አታውቅም። የሚጠራው ስምም ሆነ የሚናገረው ቃል የለም። ሰውየው እየተንገዳገደ ወደ ዳር ወጣና አሸዋው ላይ በግንባሩ ተደፋ። አንገቱ የቀላ ነው።

ድንች ጥብሱ ከእጇ መቼ እንደወደቀ አላወቀችም። እግሯ የማስጠንቀቂያ ሥዕል ወዳለበት ምሰሶ እየሮጠ ነበር። ከምሰሶው ሥር ባለው ሳጥን ውስጥ ሁልጊዜ ለተነደፈ ሰው የሚፈስ አቼቶ ይቀመጣል፤ ይህን የከተማው ልጅ ሁሉ ያውቃል። ጠርሙሱን መንጭቃ ተመለሰች። ክዳኑ እምቢ አላት። በጥርሷ ነከሰችና ፈተለችው።

የሰውየው እግሮች ከጭን እስከ ቁርጭምጭሚት በክር የተተበተቡ ይመስላሉ። ክሩ ባረፈበት ቦታ ሁሉ ቆዳው በጅራፍ እንደተገረፈ ሐምራዊ ሆኗል። ኮራሊ አቼቶውን አፈሰሰችው፤ አንዱን እግር ጨርሳ ወደ ሌላው አለፈች። በችኮላዋ ግማሹ አሸዋው ላይ ፈሰሰ።

«አባዬ» አለች ቫሪ። ከየት እንደመጣች አይታወቅም፤ ፎጣ በሁለት እጇ ዘርግታ ቆማለች። «አባዬ፣ ተነስ።» ቀረብ ብላ እግሩን በፎጣው ልትጠርግለት አጎነበሰች።

«አትንኪው፣ አትጥረጊው» አለች ኮራሊ። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት።

የነፍስ አድን ሠራተኛው ከመረቡ በኩል ሮጦ ደረሰ። ጆሮውን ወደ ሰውየው አፍ አስጠጋ፤ ከዚያ ምንም ሳይናገር ገለበጠውና ደረቱን በሁለት እጁ መጫን ጀመረ። ኮራሊ ያኔ ነው ሰውየው እንደማይተነፍስ የገባት። ባዶውን ጠርሙስ አሁንም ወደ ታች ዘቅዝቃ ይዛዋለች። የሚወጣ ነገር የለም፤ ግን ማቅናቱ አልመጣላትም።

ቫሪ አላለቀሰችም። ከምሰሶው ላይ ያለውን ሥዕል ታይ ነበር፤ በክር የተያዘ ሰው የተሳለበትን። «አይተነው ነበር» አለች ለማንም ሳይሆን። «የቀልዱ አካል ነው አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት።»

አምቡላንሱ አባትና ልጅን ይዞ ሲሄድ፣ ነፍስ አድን ሠራተኛው ኮራሊን በትከሻዋ ያዛት። «ደህና አድርገሻል፣ የኔ ልጅ። አቼቶው ባይደርስ ኖሮ እኔም አልደርስለትም ነበር።»

ኮራሊ ባዶውን ጠርሙስ አስረከበችው።

ወደ መውረጃው ስትመለስ አክስት ዶርሲና ከመርከቡ የወረደ አንድ ነጭ ዩኒፎርም የለበሰ መኮንን ከታሻ ጋር ቆመዋል። ታሻ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ሰውየው ስለ መረቡ ተነግሮት ነበር?» ብሎ ጠየቀ መኮንኑ።

«ነግረነዋል» አለች ታሻ። «ሁለታችንም። ንገሪው፣ ኮራሊ።»

ሁሉም ወደ ኮራሊ ዞሩ።

«ነግሬዋለሁ» አለች።

ውሸት አልነበረም። ቃል በቃል ነግራዋለች። መኮንኑ ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያው እናንተ የምትችሉትን አድርጋችኋል። ልጅቷም እሱኑ ነው ደጋግማ የምትናገረው። ‹አስጠንቅቀውን ነበር፣ እኔ ነኝ ቀልድ ነው ያልኩት፣ እኔ ነኝ የገደልኩት› እያለች ነው አሉ። የአባቷንም የእሷንም ሻንጣ አውርደን ወደ ሆስፒታሉ ልከናል። አብረውን አይመለሱም።»

እሱ እንደሄደ ታሻ ኮራሊን በካናቴራዋ ይዛ ወደ ቅርጫቱ ጥግ ጎተተቻት።

«ለምን እንደዚያ ታዪኛለሽ? ነግረናቸዋል፣ አበቃ።»

«ልጅቷ እኮ እኔ ነኝ የገደልኩት እያለች ነው።»

«ታዲያ እኛ ነን እንዴ ባሕር የከተትነው? ሁሉም ሰው ያን ድብ ይቀልዳል። አባትሽ አይቀልዱም? አታካብጂ፣ አቦ።» ታሻ ዓይኖቿ እንባ አቀረሩ። «ከተናገርሽ እኔንም ነው የምታነካኪኝ። ከተማው ሁሉ ምን ይለናል? አንድ ቀን ላየሻት ልጅ ብለሽ እኔን ልትሸጪኝ ነው?»

ኮራሊ ታሻን አየቻት። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ጎን ለጎን ነው የተቀመጡት። «ያንቺን ስም አላነሳም» አለች። «ጠባሳ ያሳየሁት እኔ ነኝ። የሳቅኩትም እኔ ነኝ።»

ታሻ ካናቴራዋን ለቀቀቻት።

ኮራሊ ወደ አክስት ዶርሲ ሄደች። «አክስቴ፣ ሆስፒታል ያደርሱኛል?»

«ነፍስሽ ሳይመለስ የት ትሄጃለሽ? ቤት ሄደሽ ብትተኚ ይሻልሻል።»

«የምነግርዎት ነገር አለ። መኪናው ውስጥ ልንገርዎት።»

ነገረቻቸው። ድቡን፣ ጠባሳውን፣ የልጅቷን ጆሮ፣ በመጨረሻም ሳቋን። አክስት ዶርሲ መንገዱ ላይ እንዳፈጠጡ ሰሙ። የሸንኮራ አገዳው ማሳ አልቆ የሆስፒታሉ አጥር ታየ።

«በእናንተ ዕድሜ ስንቱን እንግዳ በዚያ ድብ አስሮጫለሁ መሰለሽ» አሉ በመጨረሻ። «ግን መውረጃው ላይ ቆሜ አይደለም።» ሞተሩን አጠፉ። «አብሬሽ ልግባ?»

ኮራሊ አሰበችበት። «ብቻዬን ይሻለኛል።»

ሆስፒታሉ ትንሽ ነው፤ አንድ ረጅም ኮሪደር ብቻ አለው። ነርሷ ኮራሊን በዓይን ታውቃታለች። ሰውየው በራሱ መተንፈስ እንደጀመረና ዓይኑን አንዴ እንደገለጠ፣ ማታ በሄሊኮፕተር ወደ ትልቁ ከተማ እንደሚወሰድ ነገረቻት። «ተርፏል ማለት ነው?» ብላ ስትጠይቃት «ልቡ ጠንካራ ነው» ብላ ብቻ አለፈች።

ቫሪ ከኮሪደሩ ጫፍ፣ ከሁለት ትልልቅ ሻንጣዎች መሀል ተቀምጣለች። የዋና ልብሷን ገና አልቀየረችም፤ የአባቷን ሸሚዝ ደርባበታለች። በመስኮቱ በኩል መርከቡ አፍንጫውን ወደ ውጭ ሲያዞር ይታያል። ኮራሊን ስታይ ተነሳች።

«አንቺ ነሽ» አለች። «አቼቶውን ያመጣሽው። ሐኪሙ ባንቺ ነው የተረፈው አለኝ።» ሸሚዙን ወደ ደረቷ ሰበሰበች። «አመሰግናለሁ። አባዬም ሲነቃ ያመሰግንሻል።»

ኮራሊ ቆማ ቀረች። ምንም አለመናገር ይቻል ነበር። አቅፋት፣ አይዞሽ ብላት፣ ዞራ መውጣት ትችላለች። አክስት ዶርሲ በር ላይ እየጠበቁ ነው።

«አታመስግኚኝ» አለች። «ቁጭ በይ። መጀመሪያ የምነግርሽ ነገር አለ። ከሰማሽ በኋላ ሂጂ ካልሽኝ እሄዳለሁ።»

ቫሪ አንደኛውን ሻንጣ በእግሯ ገፋ አድርጋ ለመቀመጫ የሚሆን ቦታ ለቀቀችላት።