የሰኞ በር

«አንቺ ብቻ ከኋላዬ ቁሚልኝ፤ የቀረው አንቺን እያየ ይከተላል» አለች ትርፊት።

የጨው ጆንያ ላይ ወጥታ ቆማለች። ከአባቷ ሱቅ ጀርባ ያለችው ዕቃ ቤት ከሳምንት ወዲህ የንግግር መለማመጃ ሆናለች። ገነቴ ደግሞ ብቻዋን ሕዝቡን ሁሉ ሆናለች፤ ማጨብጨብ ሲያስፈልግ ታጨበጭባለች፣ ማጉረምረም ሲያስፈልግ ታጉረመርማለች፣ ትርፊት መስመር ስትዘል ከወረቀቱ እያየች ታስታውሳታለች። ወረቀቱን የጻፈችውም ራሷ ገነቴ ናት።

«ለኳስ ቡድናችን አዲስ ማልያ፣ ለወላጆች ቀን ደግሞ ከአምናው የበለጠ ቲያትር» ብላ ጨረሰችና ትርፊት ከጆንያው ዘላ ወረደች። «እህስ?»

«ጥሩ ነው።»

«ከአንገት በላይ ነው ያልሽው።»

«ኧረ ጥሩ ነው» አለች ገነቴ ወረቀቱን እያጠፈች።

ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጣው ጋሽ ወንዳፈረው ነው። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት አገልግሎት ሆሳዕና የተላከ ወጣት ነው፤ ስምንተኛ ክፍልን ታሪክ ያስተምራል፣ ከራዲዮው ጋር ውሎ ከራዲዮው ጋር ያድራል። ዘመኑ 1960 ዓ.ም. ነው፤ አሜሪካኖች ፕሬዚዳንት ሊመርጡ ሽር ጉድ ይላሉ። አንድ ቀን ጋሽ ወንዳፈረው ጠመኔውን አስቀምጦ፣ «ከዋናው ምርጫ በፊት ሌላ ምርጫ አላቸው። የአንድ ፓርቲ ሰዎች መጀመሪያ እርስ በርሳቸው ይወዳደራሉ» አላቸው።

«የአንድ ቤት ልጆች ሊጣሉ?» አለ ከኋላ አንዱ፤ ክፍሉ ሳቀ።

«ይከራከራሉ እንጂ አይጣሉም። ፓርቲው ወዴት ልሂድ ብሎ የሚጠይቀው በእነሱ በኩል ነው። ያሸነፈው ወደ ራሱ መንገድ ይመራዋል። የተሸነፈውም ቢሆን አንዳንዴ ሐሳቡን ትቶለት ነው የሚሄደው።»

ይህ ወሬ ዳይሬክተሩ ጆሮ ደረሰ። ጋሽ ወንዳፈረው ተጠርቶ ገባ፣ ጆሮው ቀልቶ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ «ፓርቲ» የምትለው ቃል ከአፉ አልወጣችም፣ «ቡድን» ሆነች። ግን ነገሩ ተፈቀደለት። የትምህርት ቤቱ ሁለት ቡድኖች፣ ሰማያዊና ቢጫ፣ ለተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንትነት የሚያቀርቡትን ሰው መጀመሪያ በየራሳቸው እንዲመርጡ ተባለ። እስከዚያ ድረስ በቁመት የበለጠው ወንድ ልጅ ነበር የሚመረጠው።

ከቢጫ ቡድን ሁለት ሰው ቀረበ። አንዷ ትርፊት ናት፤ ሴት ልጅ ለፕሬዚዳንትነት ስትቀርብ የመጀመሪያዋ ነች። ሌላው የጃጁራው ኤሊያስ ነው። ኤሊያስ ሆሳዕና ውስጥ ከሦስት ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይማራል። ቅዳሜ ወደ አገሩ በእግሩ ይወርዳል፣ እሑድን ከወላጆቹ ጋር ቸርች ውሎ፣ ሰኞ ጎህ ሳይቀድ የሳምንት ቆጮውን ተሸክሞ ይመጣል። የቱንም ያህል ቢሮጥ በሁለት ሰዓቱ ደወል አይደርስም። ዘበኛው ጋሽ ዋለ በሩን ይዘጋል፤ የዘገየ ተማሪ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እስኪያልቅ ጠጠር ላይ ይንበረከካል። ደንብ ነው።

ኤሊያስ የመጀመሪያ ቀን ሲናገር አማርኛው ትንሽ ያዝ ያዝ አደረገው፤ የከተማ ልጆች አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። እሱ ግን አልቸኮለም።

«እኔ ማልያ አልጠላም» አለ። «ግን ቢጫ ቡድን ኳስና ቲያትር ብቻ ነው እንዴ? ሰኞ ሰኞ ግማሻችን በር ላይ ነን። የተንበረከከ ሰው ኳስ አይጫወትም። እኔ ከተመረጥኩ ቡድናችን አንድ ነገር ነው የሚጠይቀው፤ ሰኞ በሩ ግማሽ ሰዓት ክፍት ይቆይልን።»

ማንም አላጨበጨበም። ገነቴ ግን ሳታስበው ጉልበቷን ዳበሰች።

አምና ከጃጁራ ስትመላለስ እሷም እዚያው ጠጠር ላይ ነበረች። አንድ ሰኞ ዝናብ ሲወርድባት ትርፊት በክፍሉ መስኮት አየቻትና ያንኑ ዕለት ከእናቷ ከእትዬ አስካለች ፊት ቆማ፣ «ገነቴ እኛ ጋ ካላደረች እኔም ትምህርት ቤት አልሄድም» አለች። እትዬ አስካለች ልጇን ከላይ እስከ ታች አየቻትና፣ «ቤት ሰው አይጠላም፣ አምጫት» አለች። ይኸው ከዚያ ጀምሮ ገነቴ ከትርፊት ጋር በአንድ አልጋ ታድራለች፣ ከአንድ ትሪ ትበላለች። እግሯ ላይ ያለው ጥቁር የቆዳ ጫማም የትርፊት ነበር። ግራው ሲራመዱበት ሲጥ ይላል። «ጫማሽ ካንቺ ቀድሞ ይገባል» እያሉ ቤተሰቡ ሁሉ ይቀልዱባታል።

ታዲያ ይህን ሁሉ ያደረገላትን ልጅ ትታ ከሌላ ሰው ኋላ ልትቆም ነው? ወጭት ሰባሪ ማለት ሌላ ምን ነው! ደግሞስ እትዬ አስካለች ብትቀየማት? መንገዱ ያው የጃጁራ መንገድ፣ በሩም ያው የሰኞ በር ነው።

ምርጫው ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሁለቱ ሴቶች ክንድ ለክንድ ተያይዘው ገቡ። ደወሉ ተደወለ፣ በሩ ተዘጋ። ትርፊት ወደ ክፍል ስትሮጥ ገነቴ ዞር ብላ በብረቱ መሐል አየች። ኤሊያስ ከነላቡ መጥቶ ስልቻውን አስቀመጠና ማንም ሳያዘው ተንበረከከ። ከኋላው አምስት ስድስት ልጆች ተከተሉት፤ አንዷ ከሺንሺቾ በጭነት መኪና የመጣች ትንሽ ልጅ ነበረች፤ ስቅስቅ ብላ ታለቅሳለች።

ኤሊያስ ገነቴን አያትና በሀዲይኛ፣ «ጉልበትሽ ዳነ ወይ?» አላት።

በተንኮል አልነበረም፤ ከልቡ ነበር የጠየቃት። ለዚህ ነው የባሰ ያመማት።

ከሰዓት በኋላ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ወረቀቱን ዘርግታ፣ «አንድ መስመር ልጨምርልሽ? የሰኞን በር ነገር» አለች።

ትርፊት ፊቷ ጠቆረ። «እሱን ካልኩ የኤሊያስ አፈ ቀላጤ ሆንኩ እኮ! ወንዶቹ ደግሞ ሴት ናት ብለው አንድ ስሕተት ነው የሚጠብቁብኝ። ዳይሬክተሩን አስቆጣች ቢሉኝስ? አቦ ተይኝ ገነቴ፤ ከተመረጥኩ በኋላ እናየዋለን።»

«እናየዋለን» የምትባለው ቃል ስንቱን ጉዳይ እንደቀበረች ቤት ይቁጠረው። ገነቴ እርሳሱን አስቀመጠች።

ዓርብ ደረሰ። አርባ ዘጠኙ የቢጫ ቡድን ተማሪዎች አዳራሽ ገቡ። በወረቀት ይሁን ቢባል ዳይሬክተሩ፣ «አንዱ የአሥሩን ይጽፋል» ብሎ አልፈቀደም፤ ስለዚህ ሁለቱ ተወዳዳሪዎች ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይቆማሉ፣ መራጩ ከፈለገው ኋላ ይሰለፋል። ጋሽ ወንዳፈረው ቆጥሮ ሁሉም ወደ ቦታው ሲመለስ ብቻ ነው የሚዞሩት። ማን ከማን ኋላ እንደቆመ አያዩም።

ልጆቹ መነሳት ጀመሩ። አብዛኞቹ ባዶ እግራቸውን ስለነበሩ የሲሚንቶው ወለል ላይ ኮቴያቸው አይሰማም። ገነቴ አግዳሚው ላይ ቀረች። ትርፊት አንገቷን ቀጥ አድርጋ፣ እጆቿን ከኋላዋ አጣምራ ቆማለች፤ ጣቶቿ የቀሚሷን መቀነት ይፈትላሉ። ገነቴ ልጅቷን እኮ ትወዳታለች።

ጎንበስ አለችና የግራ ጫማዋን ማሰሪያ ፈታች። ብታወልቀው ማን ይሰማታል? ማታ፣ «ከኋላሽ ነበርኩ» ብትላት ትርፊት ታምናታለች። ሁሉም በሰላም ያድራል፤ አልጋውም፣ ትሪውም፣ ጓደኝነቱም ባለበት ይቆያል። ተረከዟ ከጫማው ወጣ።

ከዚያ ትንሿን የሺንሺቾ ልጅ አየቻት። ኤሊያስ ኋላ ቆማ በአንድ እግሯ ሌላውን ጉልበቷን ታሻለች።

ገነቴ ተረከዟን መለሰች። ማሰሪያውን ሁለት ጊዜ ቋጠረችው። ተነሳችና አዳራሹን አቋርጣ ሄደች፤ ሲጥ፣ ሲጥ፣ ሲጥ። ትርፊትን አልፋ ኤሊያስ ኋላ ስትቆም ድምፁ ቆመ። የትርፊት ጣቶች መቀነቱን ለቀቁት። አልዞረችም።

ጋሽ ወንዳፈረው ቆጠረ። ሃያ አራት ለሃያ ሦስት፤ ትርፊት በአንድ ድምፅ አለፈች። ወንዶቹ በትከሻቸው ሊያነሷት ቢሉ እንቢ አለች።

ወደ ቤት ሲሄዱ ክንድ ለክንድ አልተያያዙም። ትርፊት ከፊት፣ ገነቴ ከኋላ፤ ሲጥ ሲጥ የሚለው ጫማ ብቻ ነበር የሚያወራው። ገነቴ ልብሷን በምን እንደምትቋጥረው ታስብ ነበር። ሱቁ ደጃፍ ሲደርሱ ትርፊት ቆመች።

«ጫማውን ማውለቅ ትችዪ ነበር እኮ» አለች ዞር ሳትል።

«አስቤው ነበር።»

«ታዲያ?»

«ልዋሽሽ አልፈለግኩም።»

ትርፊት በክንዷ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ደጃፉ ላይ ካለው የጨው ጆንያ ላይ ተቀመጠችና የታጠፈውን ወረቀት ከደብተሯ አወጣች፤ እርሳሷን ፈልጋ አገኘች።

«ሃያ ሦስት ሰው» አለች ለራሷ። ቀጥሎ ቀና ብላ ገነቴን አየቻት። «ሰኞ ሰኞ ከጃጁራ ስንት ሰዓት ነበር የምትነሺው?»

አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ አልጋ ሲያድሩ ይህን ጠይቃት አታውቅም። ገነቴ ከጎኗ ተቀመጠች።

«ሌሊት አሥር ሰዓት» አለች። «ጻፊው።»