ጊዜያዊው ሙሊት

«ያማል እንዴ ዶክተር? እውነቱን ይንገሩኝ።»

የሂሳብ መምህሩ የወንበሩን ክንድ ጨምድዶ ይዟል። ጥርሱ ሦስት ቀን እንቅልፍ ነስቶት ዓይኑ ደም መስሏል፤ እንዲያም ሆኖ ያምራል። ወጣቷ የጥርስ ሐኪም ይህን በማስተዋሏ ራሷ ደነገጠች።

«መርፌው ቆንጠጥ ያደርግዎታል፤ ከዚያ ይደነዝዛል። የተበላሸውን ነርቭ አውጥቼ ሥሩን አጸዳና በጊዜያዊ ሙሊት እደፍነዋለሁ። በሳምንቱ መጥተው ካልጨረስነው ግን ድካማችንን ውሃ በላው ማለት ነው። ካመመዎ ግራ እጅዎን ያንሱ።»

አንድ ሰዓት ሙሉ እጁን አላነሳም። አፉ ተይዞ መናገር ስላልቻለ ዓይኑን ከዓይኗ አልነቀለም። እሷም የሥሩን ርዝመት ተሳስታ ሁለቴ ለካች። ሲሰናበታት በደነዘዘ ከንፈሩ ፈገግ ሊል ሞክሮ ፈገግታው ወደ አንድ ጎን ተንጋደደ።

በሳምንቱ ቀረ።

የቀረ ታካሚ ይደወልለታል፤ የክሊኒኩ ደንብ ነው። የምትደውለው ነርሷ ነበረች። ሐኪሟ ግን «የመምህሩን ለእኔ ተዪው» ብላ ካርዱን ወሰደችባት። ከዚያ በየቀኑ ስልኩን ታነሳለች፣ ታስቀምጣለች። ድምጿ የሚያሳብቅባት መሰላት። ሕመሙ ሲተወው ድኛለሁ ብሎ ነው እያለች ራሷን ደለለች። ጊዜያዊ ሙሊት ብዙ እንደማይቆይ ከእሷ በላይ ማን ያውቃል?

በሦስተኛው ወር ጉንጩ አብጦ መጣ። ራጁን አንስታ አየችው፤ ጥርሱ እስከ ሥሩ ተሰንጥቋል።

«መነቀል አለበት» አለች። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ካርድዎን ከነርሷ ቀምቼ መደወል ፈራሁ።»

«ምን ያስፈራል?»

«እርስዎ ነዎት የሚያስፈሩኝ። ወድጄዎታለሁ።»

መምህሩ ያበጠ ጉንጩን በመዳፉ ደገፈ።

«እኔም የቀረሁት አውቄ ነው» አለ። «አንዷን ቀጠሮ ከጨረስኩ በምን ሰበብ ተመልሼ አይዎታለሁ? ዛሬ ነገ እያልኩ ሳስቀምጣት ከረምኩ።»

«ሁለት ፈሪ አንድ ሊድን የሚችል ጥርስ ገደልን» አለች፤ እየሳቀች ዓይኗን ጠረገች።

በራሷ እጅ ልትነቅለው አልደፈረችምና አዛውንቱን ባልደረባዋን ጠራች። ራሷ ጓንቷን አውልቃ ከመምህሩ አጠገብ ተቀመጠችና እጁን ያዘች።

«አስታማሚ ውጭ ነው የሚጠብቀው» አሏት ሽማግሌው ሐኪም በመነጽራቸው ላይ እያዩዋት።

«አልወጣም» አለች።